ጎረቤቴ የመዘነው ባሩድ
ክሪስታል የምትባል የባሕር ማዶ ከተማ ስንኖር ሮን የሚባል ጡረተኛ ጎረቤት ነበረን። ለአጋዘን አደን የሚሆነውን ጥይት ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ራሱ ነበር የሚሠራው፤ ባሩዱን በሚዛን እየለካ ቀለህ ውስጥ ይሞላል። አንድ ቅዳሜ በስህተት እኛ ቤት የመጣውን ደብዳቤውን ላደርስለት ብሄድ እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ተክዞ አገኘሁት። "የአባቴ ጠመንጃ አርጅቷል። አንዱ ጥይት ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይሄዳል። ልሸጠው ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ሚዛኑ ላይ አረፈ። ማንም ሳይነካው መርፌው ይወዛወዛል። ቀና ብዬ ሳይ የሂተሩ ሙቅ ንፋስ በቀጥታ ይወርድበታል፤ እንዲህ የተለካ ባሩድ ደግሞ ለአንዱ ጥይት ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል። "ሮን፣ ጠመንጃውን ተወውና መጀመሪያ ሂተሩን አጥፋ" አልኩት።
"ውጪው እኮ በረዶ ነው።"
"እንግዲያው ጃኬት ልበስ።"
እየሳቀ አጠፋው፤ መርፌውም ቀጥ አለ።

በሳምንቱ የኢላማ ወረቀት ይዞ በሬን አንኳኳ። ሦስቱ የጥይት ቀዳዳዎች ተነካክተዋል። "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት። ወረቀቱን እያጠፈ "አባቴም እዚያው ሂተሩ ሥር ነበር ባሩድ የሚመዝነው" አለኝ። "ታውቂያለሽ፣ ኢላማ መሳት ሲጀምር 'ዓይንህ ደክሟል' ብዬ አደን ያስተውኩት እኔ ነኝ።" በሩን ከፈት አድርጌ "ግባ፣ ሻይ ላፍላልህ" አልኩት።