ለፌርማታው አሥር ሰዓት የጎደላቸው ሰው

በ1980 ዓ.ም. ሰኔ፣ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ የአውቶቡሱ ወረፋ ጭንቅላቱ እኛ ጋ ሆኖ ጅራቱ አስኮ ደርሶ ነበር። ያልቆመበት ሰው አይከራከረኝ። ከፊቴ ጋሽ ሀብተማርያም ነበሩ፤ ማሽን ዘይት በማጠጣበት ክር ፋብሪካ የሰዓት ተቆጣጣሪ። ወጋችንን ሳንጨርስ ዘመነች በዝናብ በስብሳ ደረሰች። ኮምፒዩተር ተምራ በቅርቡ የተመደበችልን ልጅ ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ» አለች፤ ሰላምታዋ ግን በጥርሷ ተፈጭቶ ነው የወጣው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ፊትሽ?»

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ እሙን ሊያባርሯት ነው። እርስዎ በፈረሙት ወረቀት!»

እሙ ሁለት ልጅ ይዛ ባሏ የሞተባት ክር ፈታይ ናት። የሰዓት እላፊ ፈቃዷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ትገባለች፤ ቀን ሰባት ሰዓት ትወጣለች። ባለፈው ወር ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ጋሽ ሀብተማርያም «ከመውጫው ላይ መግቢያውን ቀንስ» ብለው አዘዙት። የንጋት ፈረቃ ሴቶች የሠሩት ሰዓት መታየት በነበረበት ቦታ ሁሉ ኮከብ ብቻ ተደረደረ። ሽማግሌው «ኮከብ ማለት አልሠሩም ማለት ነው» ብለው ፈረሙ። የፋብሪካው ከሳሽ ኮሚቴም ከእሙ ጀመረ።

«ልጄ፣ መኪናው አይዋሽም። የሚዋሸው ሰው ነው» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም፤ መኪና የሚሉት ኮምፒዩተሩን ነው።

«መኪናው መቼ ዋሸ? ከሰባት አሥራ አንድ ቀንስ አሉት፤ ከዜሮ በታች አራት መጣበት። እሱን ደግሞ በሰዓት መልክ አሳየኝ አሉት። ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት በየትኛው ግድግዳ ላይ አይቶ ያሳይዎት? ጨነቀውና ኮከብ ደረደረ። ኮከቡ ‹የጠየቁኝን ማሳየት አልቻልኩም› የሚል ኡኡታ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም!»

«ድምፅሽን ቀንሺ! መንግሥት በውጭ ምንዛሪ ያስመጣውን መኪና ነው የምትሰድቢው።»

«ልንገርዎት ስል ነጠላ አልብሰው ቆለፉበት! እኔንም ‹ነክተሽ እንዳታበላሺው› አሉኝ።»

ሽማግሌው በኩራት ወደ ሰማይ አዩ። እኔ ደሜ ፈላ። እሷ ግን በድንገት ለስለስ አለች፤ ይህን ጊዜ ነው መፍራት።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ወረፋ የያዙት ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት! ሰዓት እላፊው እንደተነሳ።»

«አሁንስ?»

የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። «አንድ።»

«ከአንድ ላይ አሥራ አንድ ሲቀነስ ከዜሮ በታች አሥር። በእርስዎ ሂሳብ ጭራሽ አልተሰለፉም፤ እንዲያውም ለፌርማታው አሥር ሰዓት ይጎድልዎታል።»

ይኸኔ አውቶቡሱ መጣ። ሰው ከመሙላቱ የተነሳ ሾፌሩ ራሱ በመስኮት ተንጠልጥሎ የሚነዳ ይመስል ነበር። ጋሽ ሀብተማርያም እግራቸውን ሲያነሱ በሩ ላይ ተገተርኩ።

«ወገኖቼ! እኚህ ሰው ኮከብ ናቸው! አልተሰለፉም!»

«ወደ ኋላ አባቴ!» አለች ቅል ሙሉ ቅቤ የያዘች ሴት። «ሽምግልና ወረፋ መስረቂያ ነው እንዴ?»

«እኔ ነኝ ሌባ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ የበላኝ እኔ?»

አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ። እኛም ቀረን።

«ሁለት ሰዓት መሆኑን በምን አወቁ?» አለች ዘመነች።

«ምን ማለትሽ ነው! ሰዓቱ አሥራ ሁለትን ዞሮ አይደል አንድ ያለው? አሥራ ሁለት ጨምሪበታ!»

«የእሙስ ሰዓት አሥራ ሁለትን አልዞረም?»

ሽማግሌው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ዝናቡ ገባበት መሰለኝ፣ ሲውጡ አየሁ።

«በሰባት ላይ አሥራ ሁለት… አሥራ ዘጠኝ። አሥራ አንድ ሲቀነስ… ስምንት» አሉ ቀስ ብለው። «ሙሉ ሥራዋን ሠርታለች።» ወዲያው ግን ጣታቸውን አነሡ፤ «ግን ለሁሉም አሥራ ሁለት ከደመርን ሰነፉ ሊፈነጥዝ ነው!»

«የሚደመረው መውጫው ከመግቢያው ሲያንስ ብቻ ነው። ከዚያ የተሠራውን ከስምንት ሰዓት ጋር ያስተያዩ። የምር የጎደለ ካለ በሰዓት መልክ ሳይሆን በተራ ቁጥር፣ ከፊቱ የመቀነስ ጭረት ተደርጎበት ይታይ። ኮከብ ግን ጻድቁንም ሰነፉንም አንድ ላይ ይደፍናል።»

ፋብሪካ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ነገሬ ጠረጴዛ እየደበደበ «የኢኮኖሚ አሻጥር!» ይላል። እሙ ቆማለች።

«ጓድ፣ ያቁሙ! ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም ውሃ እያንጠባጠቡ፤ ነጠላውንም በሁሉ ፊት ከመኪናው ላይ ገፈፉት። ዘመነች ትእዛዙን አስተካከለች። ኮከቦቹ ረገፉ፤ በየሴቶቹ ስም ትይዩ ስምንት፣ ስምንት ወጣ።

እሙ አላመሰገነችም። «ሌባ የተባልኩት ፈረቃው ሁሉ እየሰማ ነው» አለች። «ስሜን እዚያው ይመልሱልኝ።»

በሰባት ሰዓት ሁለቱ ፈረቃዎች ሲተላለፉ፣ ጋሽ ሀብተማርያም ሳጥን ላይ ወጥተው ስሟን መለሱላት።

ከዚያ ወዲህ የንጋት ሴቶች በድካማቸው አልተከሰሱም፤ ሰነፍም ከኮከብ ጀርባ መደበቂያ አጣ፤ ኮሚቴውም ከመክሰሱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ለመደ። አዲስ መሣሪያ የሚረከብ ሁሉ ነጠላ ከሚያለብሰው ምን እንደጠየቀው ይመርምር።

የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ሀብተማርያም የራሳቸውን መስመር አስሞሉ። የገቡት ሦስት ሰዓት ነውና ከስምንቱ አንድ ጎደለ።

«ጋሼ፣ ኮከብ እናድርግልዎት?» አልኳቸው።

«ዝም በል አንተ ውርጋጥ! ያስቀረኸኝ አንተ ነህ!» ካሉ በኋላ ወደ ዘመነች ዞሩ። «ጭረቷን አድርጊ ልጄ። ደመቅ አድርጊያት፣ ከሩቅ እንድትታይ።»