ሁለት ሽቦ ለሁለት ወንድም

«አባባ ሂርጳ፣ በአቦ ይዤዎታለሁ፣ ይውረዱ!»

«የራሴን ባካፍል አንቺን ምን ከፋሽ?»

ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይህን ሰምቼ ወደ ግቢው ብገባ፣ ጎረቤቴ ኦቦ ሂርጳ በረጅም የባሕር ዛፍ መሰላል ላይ ወጥተው ከጣሪያው ሥር ተንጠራርተዋል። የወንድማቸው ልጅ ደራርቱ የመሰላሉን እግር ይዛ ታለቅሳለች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር፣ ቆርቆሮው አፍስሶ ሊደፍኑ የወጡ፣ ልጅቷም እንዳይወድቁ የፈራች መሰለኝ።

«ምን ላቀብልዎ?» አልኩ።

«ማጭዱን። እዚያ ግድግዳው ሥር አለ።»

ለታላቅ መታዘዝ ልማዴ ነውና ማጭዱን አንስቼ እጄን ዘረጋሁ። ደራርቱ መሰላሉን ለቅቃ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች።

«ጋሼ ገብረ መድኅን፣ ሊገድሏቸው ነው?»

በአርባ አራት ዓመት ዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት፣ በሃምሳ አራት ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የመብራት መስመር መካኒሳ አቦ ደረሰ። ቀድመው ያመለከቱት ኦቦ ሂርጳ ስለነበሩ መብራቱ እሳቸው ቤት ገባ፤ ምሰሶው ግን የተተከለው ከታናሽ ወንድማቸው ከኦቦ በንቲ ጓሮ ነው። «ምሰሶው የኔን ድንች ረግጦ ቆሞ ብርሃኑ ለሱ!» አሉ ኦቦ በንቲ። በመካከላቸው ያለው አንድ አጥር ነው፤ ሆኖም ከፋሲካ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ጠላ ጠጥቶ ተመልሷል። በዚያን ቀን ጠዋት ኦቦ ሂርጳ ቀና ብለው ሲያዩ ወደ ቤታቸው የገባው ሽቦ ሁለት መሆኑን ተገነዘቡ። እርቁ ተገኘ ማለት ነው፤ አንዱ ለሳቸው፣ አንዱ ተቆርጦ ለወንድማቸው።

«ምን ጥፋት አለው?» አሉ ከላይ ሆነው። «አባታችን ሲሞት የተወውን ሁሉ እኩል ተካፍለናል። ሁለት ሽቦ መጣ፤ ለኔ አንዱ ይበቃኛል። ወንድሜ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሁለተኛው ምን ያደርግልኛል?»

ሐሳቡስ ደግ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አንደኛው ሽቦ የቀን፣ ሁለተኛው የሌሊት ይመስለኝ ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን እውቀቱን ለራሱ ይይዛል።

«ቢነኩት ይገድልዎታል» አለች ደራርቱ።

«ወፎቹስ? ቀኑን ሙሉ ሰፍረውበት ይውላሉ። ያስነጠሳት እንኳ አላየሁም።»

«ወፏ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የነካችው። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ካላገኘ ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ በሷ አያልፍም። እርስዎ ግን እርጥብ መሰላል ላይ ነዎት፤ መሰላሉ ደግሞ መሬት ላይ ነው። በማጭዱ ገብቶ፣ በደረትዎ አልፎ፣ በመሬት አድርጎ ይመለሳል። መንገዱ እርስዎ ይሆናሉ።»

ኦቦ ሂርጳ እግራቸውን አዩ፣ መሰላሉን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። «ወገቤን አሞኝ ነው» አሉ፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም።

መሬት ሲረግጡ ክርክሩ ተመለሰላቸው። «ይኼ መመለሻ የምትዪው ነገር አልገባኝም። ውሃ ከምንጩ በአንድ ቦይ ይመጣል። ማን መልሶት ያውቃል?»

«ውሃ ይጠጣል፤ ያልቃል። ኤሌክትሪክ ግን እንደ በሬ ነው፤ ጉልበቱን ይሰጥና ራሱ ወደ በረቱ ይመለሳል። የእጅ ባትሪዎን ያምጡልኝና ላሳይዎ።»

ኦቦ ሂርጳ ጃርት የሚጠብቁበትን ባትሪ አመጡ። ልጅቷ ፈታችና ሁለቱን የባትሪ ድንጋይ አንዱን ባንዱ ጫፍ አስደግፋ ለኦቦ ሂርጳ አስያዘች። የመብራት ሰዎች ጥለዋቸው የሄዱትን ቁርጥራጭ ሽቦዎች ልጣ ለእኔ አስያዘች። አምፖሏን ራሷ ያዘች።

«ይኼስ አይገድልም?» አሉ ኦቦ ሂርጳ፣ ድንጋዩን ከደረታቸው አርቀው።

«የዚህ ጉልበት ጥቂት ነው፤ የላይኛው ግን የብዙ እጥፍ ነው። በሱ አይሞከርም። አሁን አንድ ሽቦ ብቻ፣ እንደ እርስዎ አከፋፈል።» ሽቦውን ከድንጋዩ ራስ ወደ አምፖሏ አደረሰች። ምንም የለም።

«ድንጋዩ አልቆ ይሆናል» አሉ ኦቦ ሂርጳ።

ሁለተኛውን ሽቦ ከአምፖሏ ጎን ወደ ድንጋዩ ቂጥ መለሰች። አምፖሏ ቦግ አለች። ሽቦውን አነሳች፤ ጠፋች። ነካች፤ በራች።

«ግድግዳው ላይ ቀጭ የሚያደርጉት ማብሪያ ማጥፊያም ሥራው ይኸው ነው፤ መንገዱን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። አባባ፣ አባታችሁ ሲሞቱ በሬዎቹንም ተካፍላችሁ ነበር?»

«አንድ አንድ ደረሰን።»

«ታዲያ በአንድ በሬ አረሳችሁ?»

ሽማግሌው አጥሩን አንድ ጊዜ አዩት። «ምን ይታረሳል፤ ተቀናጅተን ነው እንጂ» አሉ ዝግ ብለው። ከአጥሩ ማዶ ድንች ሲኮተኩት የነበረው መኮትኮቻ ድምፁ ጠፋ።

«እንግዲያው ለበንቲ ምንም ላልሰጠው ነው?»

«ይሰጡታል እንጂ!» አለች ልጅቷ። ከባትሪው ክዳን ውስጥ መለዋወጫዋን አምፖል አውጥታ፣ መጀመሪያ ሁለቱን አምፖሎች በአንድ መንገድ ላይ አንዷን ከሌላዋ ኋላ አሰለፈቻቸው። ሁለቱም እንደሚከስም ፍም ቀሉ። አንዷን ስትነቅል ሌላዋም ጠፋች።

«ይኼስ ጠብ ያመጣል» አልኩ እኔ፤ የተማረ ሰው ዝም ማለት የለበትም ብዬ።

ቀጥሎ ለየአምፖሏ የራሷን መሄጃና የራሷን መመለሻ ሰጠቻት። ሁለቱም ደህና አድርገው በሩ። አንዷን ነቀለች፤ ሌላዋ አልተነካችም።

«የሱ ሲበራ የኔ አይቀንስም?»

«አይቀንስም።»

«እሱ በንዴት ቢያጠፋውስ?»

«የርስዎ አይጠፋም።»

ኦቦ ሂርጳ ድንጋዮቹን ያገላብጡ ጀመር። እኔ ደግሞ በዚያች ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህች ልጅ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የምታጠናው በአባቷ ቤት በኩራዝ ነው፤ ጠዋት ስትወጣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ጥቁር ነው። ከፋሲካ ወዲህ ብርሃኑ ወዳለበት ወደ አጎቷ ቤት ደብተር ይዛ መምጣት አልተፈቀደላትም። መብራት ቢገባላቸው ዓይኗ ከጭስ፣ የኦቦ በንቲ የሣር ጣሪያ ከእሳት ይድናል። ወንድማማቾቹም የሚነጋገሩበት ያገኛሉ። ይህን ሁሉ በጎ ነገር ግን የሚያመጣው ደግነት ብቻውን አይደለም። ደግነት ብቻውን መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር፤ ማጭዱንም ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

«ሰኞ የመብራት ሰዎችን አመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሽቦ የሚነካ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ማጭድ ለገብስ ነው።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ አጥሩ መልሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ደራርቱ! ለአባትሽ ንገሪው። ሁለቱም፣ መሄጃውም መመለሻውም፣ ወደ ቤቱ ይቀጠልለታል። ብርሃን የሚሰጠው የሄደው ሲመለስ ነው በይው። እኔም ዛሬ ነው የገባኝ በይው።»

ደራርቱ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷ ከአጥሩ ማዶ እንደቆሙ ሦስታችንም እናውቃለን። እዚያ ማዶ ጉሮሮ ተጠረገ፤ ከፋሲካ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ የኦቦ በንቲ ቃል ወደዚህኛው ግቢ ተሻገረ።

«ሰምቻለሁ። ያ የወጣህበት መሰላልም ከኔ ቤት ከሄደ መስቀል ሲመጣ ሁለት ዓመቱ ነው።»