የባሕር ሸሽ ዕጣ

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ፣ ከእንፍራንዝ በታች ባለች አንዲት የጣና ዳር መንደር፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ኅዳርን ሙሉ እምቦጭ እየነቀሉ ያጸዱት መሬት በዕጣ ለጎረቤታቸው ደረሰ። መሬቱ ባሕር ሸሽ ነው፤ ሐይቁ ሲጎድል ይገለጣል፣ የጋራ ስለሆነም በዕጣ ይከፋፈላል። ሴትዮዋ ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ሌላ የሚዘሩበት የላቸውም። ለእሳቸው የወጣላቸው እምቦጭ የዋጠው ቁራጭ ነበር። ዕጣ አውጪው «እመት ጥሩነሽ፣ የእርስዎ እጅ እንደሁ ለምዶታል!» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ተከትያቸው ሄድሁና «ተስፋ አይቆርጡም?» አልኋቸው። «ተስፋ የሚቆርጥ ሌላ መሬት ያለው ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። ባሕር ዳር ተመልሼ ስለ ጽናታቸው ለጋዜጣችን ጻፍሁ።

ዘንድሮ ለሌላ ሥራ በዚያው ሳልፍ ከመኪና ወርጄ ተመለከትሁ። ቁራጩ ያው እምቦጭ ነው። አቅቷቸው ትተውታል ብዬ ደመደምሁ። ግን ሰው ከውስጥ ሲያስል ሰማሁና አረሙን እየጣስሁ ገባሁ። ከጀርባው እስከ ውኃው ድረስ ሽንብራ በቅሏል፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጎንበስ ብለው ይኮተኩታሉ።

«የመንገዱን ወገን ሳይነቅሉት ቀሩ?» አልኋቸው።

«ሆን ብዬ ነዋ! ዕጣ አውጪዎቹ ከመንገድ ወርደው አያውቁም። እምቦጭ ካዩ ‹ይኸ ለማንም አይሆንም› ብለው ዕጣ ሳይጥሉበት ለእኔው ይተዉታል። እባክህ እንዳትጽፍብኝ።»

ያኔ አልጻፍሁም። አሁንም የመንደሪቱን ስም አልጠራሁም፤ ጥሩነሽም ስማቸው አይደለም። ለእምቦጩ የተዉት የመሬታቸውን ሲሶ ያህላል።