«ኤ»ና «ዘ» በቢሾፍቱ መንገድ

ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ለብቻዋ እንግሊዝኛ ታነበንባለች። አጠገቧ የነበሩት አዛውንት ዞር አሉ።

«ፈተና አለብሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ጋሼ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበል። ‹ኤ›ና ‹ዘ› እየተምታቱብኝ ተቸገርኩ።»

«እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ‹በግ ገዛሁ› ብልሽ የትኛው በግ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«‹በጉ ጠፋ› ብልሽስ?»

«ያ የገዙት ነዋ!»

«በቃ፣ የመጀመሪያው ‹ኤ› ነው፣ ሁለተኛው ‹ዘ›። እኛ መጨረሻ ላይ የምንቀጥላትን እነሱ ፊት ያስቀድሟታል።»

«እንዲህ ቀላል ነው?»

«ሁልጊዜ አይደለም። ለዛሬ ግን ይበቃሻል። በይ፣ እንግዳው የክፍሉን ቁልፍ ሲጠይቅሽ ምን ይላል?»

«‹ዘ ኪይ!› የራሱ ክፍል ቁልፍ ስለሆነ።»

«ጎሽ!»

ሞጆን እንዳለፍን ስልኳ ጠራ። ደዋይዋ የሆቴሉ ኃላፊ ነበረች።

«የስ ማዳም። አይ አም ኢን ኤ ታክሲ።» ትንሽ አሰበች። «ዘ ታክሲ ኢዝ ኒር ቢሾፍቱ።»

ስልኩን ዘግታ ሳቀች።

«ሰሙኝ፣ ጋሼ? ‹ጉድ ኢንግሊሽ› አለችኝ!»

«ሰማሁ እንጂ። ‹ዘ›ን እስክትያት ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።»

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ። እንግዲህ ሥራ ይስጥሽ ብለው ይመርቁኝ።»

«ሥራማ የትም አለ። ‹ሥራውን› ይስጥሽ!»

«አሜን፣ ‹ዘ› ሥራ!»

ጨዋታቸውን ስሰማ የምወርድበት ቦታ አልፎኝ ነበር፣ እኔ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።