ዘጠኙ የፒክ አፕ ትርጉሞች

ና፣ ወንድም ዘርይሁን፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ። ያኛው ወንበር ይንገዳገዳል። ቻይ ልዘዝልህ? ዝንጅብል ይግባበት? ትናንት ናይሮቢ ላይ የጣለውን ዝናብ ያየ ሰው ኪሊማኒ ሰፈር በአንድ ቀን እንዲህ ይደርቃል ብሎ ያምናል? ቤት ሁሉ ደህና? ልጅህ ሚልካ ፈተናዋን ጨረሰች? ጎበዝ ልጅ ናት።

የእህትህ ልጅ ርብቃ ሐሙስ ከሞያሌ ትገባለች አሉ። ደስ ብሎኛል። ከአውቶቡስ ማን ያነሳታል ብዬ ልጠይቅህ ስል፣ የቅዳሜው የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው ብለው ነገሩኝ። እሰይ! ከሱ የተሻለ ከየት ይገኛል? ስሙን እንኳ አላነሳም፤ ምስጋና አይወድም። ደግሞ እዚያ ጥጉ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ምሳ የሚበላው ሰው እሱን ይመስለኛል… የሚበላን ሰው ማመስገን ደግሞ ነውር ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ትምህርት አመለጠህ አይደል? ፓርክላንድስ ባለችው የቤተ ክርስቲያን አዳራሻችን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ስለ አንድ ቃል ብቻ፦ «ፒክ አፕ»። ስንት ትርጉም ያለው ይመስልሃል? ዘጠኝ! ሰሌዳው ላይ ጻፋቸው። የወደቀ ማንሳት፣ ስልክ ማንሳት፣ ሰው ከስቴጅ፣ ከፌርማታው ማንሳት። ቋንቋን ከመንገድ መልቀምም «ፒክ አፕ» ነው፤ ጉንፋን ሲይዝህም፣ የቀዘቀዘ ገበያ ሲሞቅም። ተመሳሳዮቹንም ደረደረልን፤ «ሊፍት»፣ «ፌች»፣ «ኮሌክት»… «ኮሌክት» እንኳ ሳያስረዳን ገብቶናል። ከምስጋናው ቀን የተረፈውን ኬክ ማን ሰብስቦ እንደሄደ ሁላችንም አይተናል። መምህር ማለት በተግባር የሚያሳይ አይደል?

«ስልክ ማንሳት» ላይ ሲደርስ የራሱ ስልክ ጠራ። አየው… ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አስካለ ከኋላ ሆና «መምህር፣ ይሄስ ስንተኛው ትርጉም ነው?» አትለውም! «ይሄ የሚቀጥለው ሳምንት ነው» አላት። ተጫዋች ሰው ነው።

ከዚያ ያቺን የሚወዳትን ቀልድ አመጣ። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር ይናገራታል። አንድ የዋህ ልጅ ከሞያሌ ሲመጣ «ፒክ አፕ አደርግሃለሁ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ይደርሰዋል። ልጁ ፒካፕ የሚያውቀው መኪናውን ብቻ ነው። ኢስሊ፣ አውቶቡስ መውረጃው ላይ ቆሞ ፒካፕ መኪና ይጠብቃል። ታክሲ ያልፋል፣ ሚኒባሱ ማታቱ ያልፋል፣ እሱ ፒካፕ ባየ ቁጥር እጁን ያነሳል። «ጓደኛው ማታቱ ይዞለት ቢመጣ፣ ፒካፕ ካልሆነ አልሳፈርም አለ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እስቃለሁ። ልጁ እኔ ነኝ፣ ለምን አልስቅም?

የማስታወስ ችሎታው ግን ይገርመኛል። እኔ ራሴ ያላየሁትን ማታቱ እሱ እንዴት አስታወሰው?

እኔ የማስታውሰው ትንሽ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ ያለኝ አንድ ሹራብ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚባል በኪሴ የለም። ስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ፣ ያኔም እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ቀድሞኝ ናይሮቢ ገብቶ፣ «ና ብቻ፣ እኔ አለሁልህ» ብሎኝ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ከቻፓቲ ሻጯ ጀርባ እገባለሁ፤ ሲያልፍ ተመልሼ እቆማለሁ። ፈቀቅ ብዬ ፒካፑ ቢያልፈኝስ? አሥር ሰዓት ላይ ኑሬ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ወጣና «አንተ ልጅ፣ መኪና ቆጥረህ ስንት ደረስክ?» አለኝ። መልእክቱን የገለበጥኩበትን ወረቀት አሳየሁት። አነበበው። መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ሰው ነው» አለኝ። «ሰውየው ግን የለም።» አስገብቶ አበላኝ፤ ሦስት ዓመት ሱቁ ውስጥ አደርኩ።

የዴስክ ጓደኛዬም አልጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ እግዜር ይስጠው። «ስልኬ ወድቃብኝ ነው» አለኝ። ማንሳት እንዲህ እንደሚከብደው ባውቅ ምን አስጠየቀኝ?

ርብቃ ግን ዕድለኛ ናት። የተማረች ናት፣ እንደ እኔ መኪና አትጠብቅም። ሰው ነው የምትጠብቀው… ያ ይሻላል ትላለህ? መኪናስ ቢያንስ ያልፋል።

አይ፣ አይ፣ ሌላ ሰው አትፈልግ! ቃል የገባ ሰው ቅር አይለውም? እኔም በአጋጣሚ ሐሙስ ጠዋት እዚያው ኢስሊ ሥራ አለኝ። የኑሬ ልጅ አቡዘር የጨርቅ ጥቅል ጫንልኝ ብሎኛል። ያቺን ነጭ መኪናዬን ታውቃት የለ? ፒካፕ ናት እንጂ፣ ሌላ ምን ልትሆን! ሌላ መኪና መግዛት ልቤ እምቢ አለ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መውረጃው ፊት ለፊት እቆማለሁ። መምህራችን ከመጣ፣ ሰላም ብዬው ጨርቄን እጭናለሁ። አንተ ብቻ ለርብቃ «ነጭ ፒካፕ ካየሽ እጅሽን አንሺ» በላት። ትሳቅብህ፣ ግድ የለም።

የማን ስልክ ነው የሚጠራው? የኔ አይደለም… ጥጉ ጋ ነው። አየህ፣ አላነሳም። ማላመጡን ግን ተወ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ እንዴ?

ሳንመርቀው እንዳንነሳ። ጌታ ዕድሜውን ያርዝምለት። ስልኩም አትዘጋበት፣ ሰውም አይጣ። በመጨረሻው ቀን መለከት ተነፍቶ ሙታን ሁሉ ሲነሱ ደግሞ፣ ጌታ እሱንም… እሱ ሰው በሚያነሳበት ፍጥነት ያንሳው።

አሜን በል እንጂ፣ ወንድም ዘርይሁን!