ገደሉ ላይ የዘረጋነው መስመር

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝን ነገር ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል ስሠራ፣ እሁድ እሁድ ከባልደረባዬ ከአብዲ ጋር ከከተማው በላይ ያለውን ገደል እወጣ ነበር። አለቱ ላይ የብረት መርገጫ ተከልን፣ ለመያዣም ከጎኑ የሽቦ ገመድ ዘረጋን። ጫፉ ላይ ቁጭ ስትሉ የደቻቱ ወንዝ ከነድልድዩ፣ ከተማው በሙሉ እግራችሁ ሥር ነው። ሌላ ዓላማ አልነበረንም፤ ማየት ብቻ! አንድ እሁድ ታዲያ ስንወርድ አብዮት ጠባቂዎች ጠብቀው ቀበሌ ወሰዱን። ሊቀመንበሩ፣ «እዚያ ገደል ላይ ምን ትሠራላችሁ?» አለኝ።

«መስመር ዘርግተን ነው» አልኩት። ለእኛ ለባቡር ሰዎች ሐዲዱም ሽቦውም መስመር ነው። እሱ ግን የኅቡዕ ድርጅት መስመር መሰለው።

«የማን መስመር?»

«የራሳችን።»

«ስንት ሰው አለበት?»

«ሦስት ሰው ይችላል።»

«ከላይ ያለውስ ማነው?»

«ዝንጀሮ ነዋ፣ ጓድ!»

በጥፊ አጮለኝ። አብዲ «ወላሂ ሽቦ ነው፣ አቦ!» እያለ ቢምልም ሰሚ አላገኘም። በማግስቱ ብረቱን አንድ በአንድ በገዛ እጃችን አስነቀሉን። አብዲ ሲነቅል እንባው ይወርድ ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ያው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ገደሉ ላይ ትልቅ መፈክር ማሰቀል ፈልጎ፣ መውጣት የሚችል ሰው አጥቶ ይንጨረጨራል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ያንን መወጣጫ የነቀለው ሻጥረኛ ማነው?»