ሸማኔ የሆነችው ልዕልት

ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት ስለያዘችው መጽሐፍ ጠየቋት።

«ከቤተ መንግሥት ስለተባረረች ልዕልት ነው፣ አባባ። የድሮው ተረት፣ እንደ አዲስ የተጻፈ።»

«አውቀዋለሁ። ልዑሉ መጥቶ ይመልሳታል።»

«እዚህኛው ላይ አትጠብቀውም። አስማታዊ የሽመና መወርወሪያ አግኝታ ሸማኔ ትሆናለች።»

«ኧረ ተይ! ሴት ትፈትላለች እንጂ መቼ ትሸምናለች? እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«እሷንም ነውር ነው ብለዋታል። ሄዳ ሽመናው ላይ ተቀመጠች፣ በቃ።»

«ማነው ይህን ጉድ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። የሸማኔ ልጅ ነኝ።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«አንብቤላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም።»

«ታዲያ ይቅርታ አትጠይቂም?»

«ሁለተኛውን ክፍል ጀምሬያለሁ።»

ለባለቤቴ ሽመና የፈተልኩትን ክር ከጉልበቴ ላይ አንስቼ እግሬ ስር አስቀመጥኩት።